ካናቴራው ያልሸፈነው ሽጉጥ፦ የፍሎሪዳው የኖርማን ጉዳይ

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012 በፍሎሪዳ ፎርት ፒርስ ከተማ አንድ ወጣት ዩኤስ 1 በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር በእግሩ ይሄድ ነበር። የለበሰው ጠባብና እጅጌ የሌለው ካናቴራ ነው። ወገቡ ላይ፣ ከካናቴራው ውጭ፣ ሽጉጥ በማኅደሩ እንደተሰካ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። ያየው መንገደኛ ለፖሊስ ደወለ። ፖሊሶች ደርሰው ያዙት፤ ሲፈትሹትም ሽጉጥ ይዞ ለመንቀሳቀስ የሚያስችለውን፣ ግዛቱ ራሱ በቅርቡ የሰጠውን ፈቃድ አገኙበት። ፈቃዱ የጸና ነበር። ማንንም አስፈራርቷል የሚል ክስ አልቀረበበትም። የተከሰሰው ሽጉጡ በመታየቱ ብቻ ነው።

ሰውየው በሕግ መዛግብት የሚታወቀው በቤተሰብ ስሙ ስለሆነ እኔም ከዚያ አላልፍም፤ ጉዳዩ «ኖርማን በፍሎሪዳ ግዛት ላይ» ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ጉዳይ የመረጥኩት አሜሪካ የምንኖር ብዙ ሐበሾች ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያና ሊከር ስቶር እየከፈትን፣ ሌሊት ታክሲና ኡበር እየነዳን፣ ሽጉጥ ስለመግዛት ስንመካከር የምንጠያየቀው ስለ ዋጋውና ስለ ዓይነቱ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ገዝቶ ከቤት ሲወጣ ልብስ መሸፈን አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ጥያቄ የሚያነሳ አላየሁም። ኖርማንን ፍርድ ቤት ያቆመው ግን ይኸው ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ግዛት የሚቀጣው ሽጉጡ ስለታየ ነው፤ ሌላው ስለተደበቀ ነው። ድንበሩን ሲሻገሩ ሕጉ ይገለበጣል፤ ለአንድ አሜሪካዊ የ300 ዶላር ቅጣት ሆኖ ያለፈ ነገር ለግሪን ካርድ ባለቤት አገር ሊያሳጣ ይችላል።

ኖርማን የተከሰሰበት የፍሎሪዳ ሕግ ቁጥር 790.053 ነው። ጥፋቱ ሁለተኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ሲሆን እስከ 60 ቀን እስርና እስከ 500 ዶላር ቅጣት ያስከትል ነበር። ያው ሰው፣ ያው ሽጉጥ፣ ያው መንገድ ሆኖ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ለብሶ ቢሸፍነው ኖሮ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ፈቃዱ የተሰጠው ለዚሁ ነበር።

ሕጉ ከየት መጣ

እስከ 1987 ድረስ በፍሎሪዳ የሽጉጥ ፈቃድ የሚሰጠው በየካውንቲው ነበር። አንዱ ካውንቲ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፣ ሌላው ለማንም አይሰጥም። በዚያ ዓመት ግዛቱ ይህን ሁሉ ሽሮ አንድ ወጥ ሕግ አወጣ፤ ዕድሜው የደረሰ፣ ከወንጀል ነጻ የሆነና ሥልጠና የወሰደ ሰው ከጠየቀ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ሊከለከል አይችልም አለ። ሕጉ ኦክቶበር 1 ሥራ ላይ ሲውል ግን ያልታሰበ ክፍተት ብቅ አለ። የካውንቲዎቹ ደንቦች አብረው ስለወደቁ፣ ያለ ምንም ፈቃድ ሽጉጥን በግልጽ ታጥቆ ከመሄድ የሚከለክል ሕግ ጠፋ። ጋዜጦች ጮኹ። በዚያን ጊዜ የማያሚ አካባቢ ዐቃቤ ሕግ የነበሩትና በኋላ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑት ጃኔት ሪኖ ክፍተቱ ይዘጋ ብለው ከተነሱት አንዷ ነበሩ። ምክር ቤቱ ቶሎ ብሎ በግልጽ መታጠቅን ከለከለ። 790.053 የተወለደው በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ነው።

ጥድፊያው ያመጣውን ችግር ለማየት ሃያ ዓመት አላስፈለገም። ፈቃድ ያለው ሰው ጎንበስ ሲል ሸሚዙ ተገልጦ ማኅደሩ ቢታይስ? ከላይኛው የሱቅ መደርደሪያ ዕቃ ሲያወርድ ጃኬቱ ወደ ላይ ቢሰበሰብስ? የሕጉ ቃል ለዚህ መልስ አልነበረውም። በ2011 ምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ በግልጽ መታጠቅን ለመፍቀድ የቀረበ ረቂቅ ላይ ተከራክሮ፣ የሸሪፎች ማኅበር ሲቃወም፣ መጨረሻው ትንሽ ማሻሻያ ሆነ፤ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡ ለአጭር ጊዜ ለሰው ዓይን ቢታይ፣ በቁጣ ወይም በማስፈራራት ሆን ብሎ እስካላሳየው ድረስ ጥፋተኛ አይሆንም ተባለ። «አጭር ጊዜ» ስንት ሰከንድ ወይም ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ኖርማን የተያዘው ይህ ማሻሻያ ከወጣ በኋላ ባለው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ራቅ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአሜሪካ የድሮው ሕግ ከ1987ቱ ጋር ፊትና ጀርባ ነበር። በ1813 ኬንታኪና ሉዊዚያና መሣሪያ ደብቆ መያዝን የሚከለክሉ የመጀመሪያዎቹን ሕጎች አወጡ። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ መሣሪያውን ልብሱ ሥር የሚሸሽግ ሰው አድብቶ ሊገድል የተነሳ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በግልጽ የታጠቀ ግን ሐሳቡን ያልደበቀ ጨዋ ሰው ነው። የአላባማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1840፣ የጆርጂያው በ1846፣ የሉዊዚያናው በ1850 ደብቆ መያዝን መከልከል ይቻላል ሲሉ ምክንያታቸው አንድ ነበር፤ በግልጽ የመታጠቅ መብት እስከተጠበቀ ድረስ መብቱ አልተነካም የሚል ነው። ገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን አስተሳሰብ አስረዱኝ አይልም። ጎጃም ወይም ጎንደር ለሠርግና ለለቅሶ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ የሚመጣ አባወራ በክብር ይቀመጣል፤ ልብሱ ሥር ሽጉጥ ሸሽጎ የተቀመጠ ሰው ግን ቢታወቅበት በቤቱ ላይ ጥርጣሬ ይወድቃል።

የፍሎሪዳ የራሷ ታሪክ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። በ1893 ግዛቷ ዊንቼስተርና መሰል ተደጋጋሚ ተኳሽ ጠመንጃዎችን ያለ ካውንቲ ፈቃድ መያዝን ከለከለች፤ በ1901 ሽጉጥ ተጨመረበት። በ1941 በታየ አንድ ጉዳይ ከፍሎሪዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ የነበሩት ቡፎርድ ሕጉ የወጣው ጥቁር ሠራተኞችን ትጥቅ ለማስፈታት እንደነበርና ለነጮች ተብሎ እንዳልተጻፈ፣ በተግባርም ነጮች ላይ እንዳልዋለ በጽሑፍ አስቀመጡ። የጥቁር ሰው ወገብ ላይ የታየ ሽጉጥና የነጭ ሰው ወገብ ላይ የታየ ሽጉጥ በአሜሪካ አንድ ሆነው አያውቁም። ይህን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ክርክሩ

ኖርማን ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ በካውንቲው ፍርድ ቤት ለጁሪ ቀረበ። በፖሊስ መኪና ላይ የተገጠመው ካሜራ የቀረጸው ምስል ማስረጃ ሆነ፤ በምስሉ ሽጉጡ ካናቴራው ሳይነካው በማኅደሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ጁሪው ጥፋተኛ ነው አለ። ቅጣቱ 300 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ ሆነ። በዚህ ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ነበር፤ ብዙ ሰው 300 ዶላር ከፍሎ ይገላገላል። የካውንቲው ዳኛ ግን ነገሩ ከአንድ ሰው በላይ እንደሆነ አይተው ሦስት ጥያቄ አዘጋጅተው ወደ አራተኛው ዲስትሪክት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ላኩ። በግልጽ መታጠቅን መከልከል ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማል ወይ? በሕጉ ውስጥ ያሉትን ልዩ ሁኔታዎች የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው ወይስ የተከሳሹ? የ2011 «ለአጭር ጊዜ መታየት» የሚለው ቃል ግልጽ ባለመሆኑ ሕጉን ያበላሸዋል ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ የጠበቆች ብቻ ይመስላል፤ ለተራው ሰው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ፍሎሪዳ ለአዳኝ፣ ለዓሣ አጥማጅ፣ ለካምፕ ወጪ፣ ወደ ዒላማ ተኩስ ቦታ ለሚሄድና በቤቱ ላለ ሰው በግልጽ መያዝን ትፈቅድ ነበር። ጥያቄው መንገድ ላይ የተያዘ ሰው «ዓሣ ላጠምድ እየሄድኩ ነው» ካለ ማን ያስረዳ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2015 ሸክሙ የተከሳሹ ነው አለ። በዚህ መሠረት ሽጉጡ የታየበት ሰው መጀመሪያ ይያዛል፣ ምክንያቱን ኋላ ያቀርባል። የአጭር ጊዜውን ጥያቄ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በዝርዝር አልገባበትም፤ የኖርማን ሽጉጥ የታየው ለአፍታ አልነበረምና።

ማርች 2 ቀን 2017 የፍሎሪዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ4 ለ2 ድምፅ ክልከላውን አጸና። ዋናውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ባርባራ ፓሪዬንቴ ናቸው። የግዛቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 8 መሣሪያ የመያዝ መብትን ሲያረጋግጥ፣ መሣሪያ የሚያዝበት መንገድ ግን በሕግ ሊደነገግ ይችላል ይላል። ፍርድ ቤቱ በዚህ ላይ ተመርኩዞ ፍሎሪዳ መብቱን አልነፈገችም፣ አያያዙን ብቻ ወሰነች አለ፤ ፈቃድ ማግኘት ቀላል ነው፣ በ2012 መጨረሻ የፈቃድ ባለቤቶቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር። ግዛቱ ካቀረባቸው ምክንያቶች ትልቁ ደግሞ የደኅንነት ነው። የሚታይ ሽጉጥ ሊነጠቅ ይችላል፤ ወንጀለኛ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው የማያየውን ሽጉጥ ግን አይነጥቅም።

ይህ ክርክር ክብደት አለው። በተጨናነቀ ገበያ ሽጉጥ ወገብ ላይ አንጠልጥሎ መቆም ከኋላ ለሚመጣ እጅ ማቅረብ ነው፤ ፖሊሶች እንኳ ማኅደራቸው መቆለፊያ ያለው ሆኖ በዚህ ይሠጋሉ። ተቃውሞውን የጻፉት ዳኛ ቻርልስ ካናዲ ግን፣ ዳኛ ፖልስተን ተስማምተውላቸው፣ ነገሩን ከታሪኩ ጀመሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ባለበት በሄለር ጉዳይ እንደ ምሳሌ የጠቀሳቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሳኔዎች የመብቱ እምብርት በግልጽ መታጠቅ እንደሆነ ሲናገሩ፣ ግዛቱ ይህንኑ እምብርት ቆርጦ በፈንታው ቀድሞ እንደ ወንጀል ይታይ የነበረውን መስጠቱ መብቱን ጠብቋል አያሰኝም አሉ።

በእኔ እምነት ካናዲ ትክክል ነበሩ፤ ምክንያቴ ግን ታሪኩ ብቻ አይደለም። ወንጀል ሰው በሚያደርገው ነገር መለካት አለበት። ሽጉጡን መዝዞ ያስፈራራ፣ ሰክሮ የያዘ፣ ትምህርት ቤት ይዞ የገባ ሰው ጥፋቱ ይታወቃል። የአንድ ካናቴራ ጥበትና ስፋት ነጻነትና እስርን የሚለይበት ሕግ ግን አክባሪውን ያጠምዳል፤ ለወንጀል የወጣው ሰው ድሮም ደብቆ ነው የሚይዘው። ፎርት ፒርስ ላይ የተያዘው ሰው ፈቃድ ለማግኘት ሥልጠና የወሰደ፣ አሻራውን ለመንግሥት የሰጠ ሰው ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋሽንግተን ጉዳዩን አላየውም፤ በ2017 መጨረሻ የኖርማንን አቤቱታ ሳይቀበለው ቀረ።

ፔንሳኮላ

ጁን 23 ቀን 2022 በኒውዮርኩ የብሩን ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መመዘኛውን ለወጠ። የፍሎሪዳ ዳኞች በ2017 ሕጉ ለሕዝብ ደኅንነት ምን ይጠቅማል የሚለውን ከመብቱ ጋር እያመዛዘኑ ነበር የወሰኑት። ብሩን ይህን ሚዛን ጣለው፤ አንድ የመሣሪያ ገደብ የሚጸናው በአገሪቱ የቆየ የሕግ ልማድ ውስጥ መሰሉ ሲገኝ ነው አለ።

በዚሁ ወር ማግስት፣ በነጻነት ቀን ጁላይ 4፣ ማክዳንየልስ የተባለ ሰው በሰሜን ፍሎሪዳ ፔንሳኮላ መሐል ከተማ የመንገድ መገናኛ ላይ ሽጉጡን በማኅደሩ አስታይቶ፣ በእጁ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይዞ ቆመ። እየተቀረጸ ነው። ፖሊሶች ሲመጡ ጉዳዩን እስከ ላይ ሊያደርስ እንደሚፈልግ ነገራቸው። ኖርማን የተያዘው መንገድ ሲሄድ ነው፤ ይህኛው ሊያዝ ወጥቶ ነው የተያዘው። ጥፋተኛ ተብሎ የሙከራ ጊዜና የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደበት፤ ይግባኝ አለ።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 የአንደኛው ዲስትሪክት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዳኛ ስቴፋኒ ሬይ በተጻፈ ውሳኔ 790.053ን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ጣለው። የኖርማን ውሳኔ ብሩን ከመጣ በኋላ መቆሚያ የለውም፤ ዐቃቤ ሕግ በግልጽ መታጠቅን የሚከለክል የቆየ ልማድ ፈልጎ አላገኘም፤ የተገኘው ታሪክ የሚያመለክተው ወደ ተቃራኒው ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄምስ ኡትማየር ለፖሊሶችና ለዐቃቤ ሕጎች ማስታወሻ ልከው፣ በግልጽ የታጠቀን ሰው በዚያ ሕግ ብቻ እንዳይዙና እንዳይከሱ አሳሰቡ።

ማያሚ፣ ኦርላንዶ ወይም ታምፓ ሱቅ ያላቸው ወገኖች ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ ይበሉ። ውሳኔው መንገዱን ነው የከፈተው፤ የግል ቤትና የግል ንግድ ቤት የባለቤቱ ነው። ሽጉጥ ያንጠለጠለ ደንበኛ ሲገባ ባለሱቁ «በዚህ መልክ አትግባ» ማለት ይችላል፤ ውጣ ተብሎ እምቢ ያለ የታጠቀ ሰው የሚጠየቀው በተራ ጥሶ መግባት ሳይሆን እስከ አምስት ዓመት በሚያሳስረው ከባድ ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት፣ የምርጫ ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የመጠጥ ቤት ክልከላዎችም አሉ። ሽጉጥን በቁጣ፣ በግዴለሽነት ወይም በማስፈራራት ማሳየትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በማኅደሩ ያለውን ሽጉጥ እጀታውን ይዞ መጨቃጨቅ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ቨርጂኒያ ላይ ልብሱ ይገለበጣል

ከእኛ ሰው ብዙው ያለው ዋሽንግተን ዙሪያ ስለሆነ ፍሎሪዳን ትቼ ወደዚያ ልምጣ። ቨርጂኒያ በግልጽ መታጠቅን በጥቅሉ ያለ ፈቃድ ትፈቅዳለች፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለመደበቅ ነው። የኖርማን ጥፋት እዚያ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሕጉ፣ ቁጥሩ 18.2-308፣ ከተለመደ እይታ የተሰወረ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ቢታይም ምንነቱ እንዳይለይ ተደርጎ የተያዘን ደግሞ እንደተሰወረ ይቆጥረዋል። ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። ሁለተኛው ከባድ ወንጀል ነው።

ይህን በዓይነ ሕሊና ይዩት። ጃንዋሪ ነው፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ። አንድ ሰው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሽጉጡ ቀበቶው ላይ በማኅደሩ አለ፤ ሱቁ ውስጥ በሹራብ ሆኖ ሲሠራ እጀታውም ማኅደሩም ለገባ ለወጣው ሁሉ ይታያል። ብርዱን አስቦ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካፖርት ደረበ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ ወደ መኪናው በእግሩ ሄደ። በሩን ካለፈ በኋላ ሽጉጡን የሚያይ ሰው የለም። ፈቃድ ከሌለው ያ ካፖርት ነው ወንጀሉ። ሊደብቅ አስቦ እንዳልለበሰ ዳኛ ሊያምነው ይችላል፤ እዚያ የሚደርሰው ግን ተይዞ፣ ሽጉጡ ተወስዶ፣ ጠበቃ ይዞ ነው። ማኅደሩ ሱሪ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ሲሆንና ሸሚዝ እጀታው ላይ ሲወድቅም ያው ነው። የቦርሳ ማንገቻ፣ የዝናብ ልብስ፣ ያልተቆለፈ ጃኬት ነፋስ ሲያጣጥፈው፣ ሁሉም ይሸፍናሉ። በግልጽ እይዛለሁ ያለ ሰው ማኅደሩን ከሱሪው ውጭ፣ በጎን፣ ከላይኛው ልብስ በላይ አድርጎ በየደቂቃው መታየቱን መጠበቅ አለበት። ይህን ከመጠበቅ ደብቆ ለመያዝ የሚያስችለውን ፈቃድ ማውጣት ይቀላል፤ ፈቃድ ያለው ሰው ቢታይም ቢሸፈንም በዚህ ሕግ አይጠየቅም። እኔ በቨርጂኒያ ሽጉጥ ለሚይዝ ወገን ሁሉ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው።

መኪና ውስጥ ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ በራስ መኪና በተዘጋ መያዣ ወይም ኪስ ውስጥ ማስቀመጥን ይፈቅዳል። ኡበርና ሊፍት ግን ሹፌሩም ተሳፋሪውም መሣሪያ እንዳይዝ በመመሪያቸው ይከለክላሉ። ሌላው ድልድዩ ነው። በኪ ድልድይ (Key Bridge) ወይም በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ፖቶማክን ተሻግሮ ዲሲ የገባ ሰው በግልጽ መያዝ ጨርሶ ወደማይፈቀድበት፣ ደብቆ ለመያዝም የዲሲን የራሷን ፈቃድ ወደሚጠይቅ ሕግ ነው የገባው። ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ሜሪላንድም የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች። ሸቀጥ ለማምጣት ወይም ተሳፋሪ ለማድረስ ሦስቱንም በአንድ ምሽት የሚሻገር ሰው ብዙ ነው።

የቆዳ ቀለም

ሪችመንድ የሚቀመጠው አራተኛው ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2013 በግልጽ መታጠቅ በተፈቀደበት ግዛት ሽጉጥ መታየቱ ብቻውን ሰውን አስቁሞ ለማቆየት አይበቃም ብሏል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2017 ግን ፖሊስ በሕጋዊ ምክንያት፣ ለምሳሌ የመኪና ቀበቶ ባለማሰሩ፣ ያስቆመው ሰው መታጠቁ ከታወቀ ለመፈተሽ ያ በቂ ነው አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው መብቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ይገባዋል።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ኦገስት 2014 ኦሃዮ፣ በግልጽ መታጠቅ በተፈቀደበት ግዛት፣ ቢቨርክሪክ በሚገኝ ዋልማርት አንድ ጥቁር ወጣት ከመደርደሪያው ያነሳውን የአየር ጠመንጃ ይዞ በስልክ ሲያወራ፣ አንድ ደንበኛ 911 ደውሎ ፖሊስ መጥቶ ገደለው። ጁላይ 2016 በሚኒሶታ ፈቃድ ያለው ጥቁር ሹፌር ሽጉጥ እንደያዘ ለፖሊሱ በጨዋ ቃል ከነገረ በኋላ መኪናው ውስጥ ተገደለ። ልጆቻችን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ናቸው፤ እኛም ነን። ስለዚህ የኖርማንን ጉዳይ የማነበው ከነጭ የመብት ተሟጋቾች በተለየ ዓይን ነው። እነሱ የሚጠይቁት ሕጉ ይፈቅዳል ወይ ብለው ነው። እኛ ደግሞ መንገደኛው ስልኩን አንስቶ ሲደውል ምን ብሎ ይነግራቸዋል፣ የሚመጣው ፖሊስስ ምን እየጠበቀ ይመጣል ብለን መጠየቅ አለብን። ፍሎሪዳ መንገዱን ብትከፍትም እኔ ለወንድሜ በግልጽ ታጥቀህ ውጣ አልለውም።

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው

በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛትና መያዝ ይችላል። ተማሪ ወይም ጎብኚ ቪዛ ላይ ያለ ሰው በጥቅሉ አይችልም፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ የአደን ፈቃድ አንዱ ነው። ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖር ሰው በእጁ መገኘቱ ብቻ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ግሪን ካርድ ላለው ሰው አደጋው ከጥፋተኝነት በኋላ ይመጣል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ወንጀል፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ መያዝ ወይም ይዞ መንቀሳቀስን ጨምሮ፣ ጥፋተኛ የተባለን ሰው ከአገር ማስወጣት ይቻላል ይላል። ወንጀሉ ቀላል ይሁን ከባድ አይለይም። የኖርማን ዓይነት 300 ዶላር ቅጣት የደረሰበት፣ ወይም የካፖርቱ ነገር የደረሰበት የግሪን ካርድ ባለቤት ዲፖርት ለመደረግ ክስ ሊቀርብበት ይችላል። የግዛቱ ሕግ የመሣሪያን ትርጉም ከፌዴራሉ አስፍቶ ከጻፈው ጠበቃ በዚያ የሚከራከርበት መንገድ አለ፤ ለዚያም ነው የወንጀል ጠበቃ ብቻ የማይበቃው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ሰውን የሚያዘናጋ አሠራር አለ። ተከሳሹ ጥፋቱን ካመነ ወይም ከተረጋገጠበት በኋላ ዳኛው ቅጣት ጥሎ፣ የጥፋተኝነት ፍርዱን ግን ሳይመዘግብ ሊያቆየው ይችላል። ብዙ ሰው «ነጻ ወጣሁ፣ ሪከርድ የለብኝም» ብሎ ይሄዳል። ለግዛቱ እውነት ነው። ለኢሚግሬሽን ግን ጥፋቱን ካመነ ወይም ጥፋተኛ ከተባለ፣ ከዚያም ገንዘብም ይሁን የሙከራ ጊዜ አንዳች ቅጣት ከተጣለበት፣ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። በዐቃቤ ሕግ የቀረበለትን ቀላል የሚመስል ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳይ፤ ከፈረመ በኋላ ማስመለሱ እጅግ ከባድ ነው።

ዜግነት ለመጠየቅ በሚሞላው ኤን-400 ቅጽ ላይም መታሰርንና ቲኬት መቀበልን የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። ክሱ ተዘግቶ ቢሆን እንኳ ይጻፋል፤ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ቅጂ አውጥቶ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህን ቅጂ ጉዳዩ በተዘጋበት ሳምንት ማውጣት ይሻላል፤ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን ለማግኘት የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ብዙ ሊያመላልስ ይችላል።